ከኤዳም ጎን

ዝናብ ነው ያስገባኝ፣ አውቶቡስ አምልጦኝ፣
ጃንጥላዬን ነፋስ ገልብጦ አበላሽቶኝ፤
ቀጣዩ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ አለ፤
ቲኬቱ ሦስት ዩሮ፣ ወለሉ ያጋደለ፣
ጣሪያው ዝቅ ያለ።

ትራይንቼ ናት በሩ ላይ፣ ሹራብ የምትሠራ፣
ጥልፏን ቆጥራ ሳትጨርስ እንግዳ የማትጠራ።
"ከየት ነሽ?" ሳትለኝ ተነሣች በቀጥታ፣
ጓዳ ወዳለች ሥዕል ወሰደችኝ መርታ።

ሴቲቱ አረንጓዴ፣ ፀጉሯ እንደ ደንገል፣
ከወገቧ በታች ጭቃ የሚመስል፤
ቅርፊት ይሁን ቀሚስ ሠዓሊው ያልለየው፤
እጇ ላይ እንዝርት አለ፣ ዐይኗ ግን አላየው።

"ድሮ" አለች ትራይንቼ፣ "ማዕበል ግድቡን ሰበረ፤
ባሕር ማሳችን ውስጥ ገብቶ ከረመ፣ አደረ።
ሲወጣ ግን ረሳት። ጭቃ ላይ ተኝታ
ላም አላቢዎች አገኟት፣ በጀልባ ሲሄዱ ማታ።"

"ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ሲባል አውቃለሁ፤
ወተት ፈላጊ ሴት ሲያወጣ ዛሬ ገና ሰማሁ።

አጠቧት። ሣሩን ከጆሮዋ ነቀሉ።
ቀሚስ አለበሷት። አይብ ቆርሰው "ብዪ" አሉ።
መፍተል አስተማሯት፤ በሳምንት ለመደች፤
አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሱፍ ሱፉን ፈተለች፣
ነገር አልፈተለች።
ማታ ማታ ወደ ውሃው ሹልክ ስትል ያዟት፤
ለደኅንነቷ ሲሉ በር ዘግተው አቆዩዋት።
"ስትሞት" አለች ትራይንቼ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በኩራት፣
"እንደ ማንኛችንም፣ በቤተ ክርስቲያን ቀበሯት።"

ስሟን ጠየቅኋት።
"ዜይሜይርሚን" አለች፤ በወረቀት ጻፈች፣
ቃሉን እንደ ዓሣ በጣቷ ከፈለች፦
"ዜይ" ማለት ባሕር ነው፤ "ሜይር"ም ድሮ ባሕር፤
"ሚን" ደግሞ ሴት ነበር በጥንቱ አነጋገር።
ባሕር በባሕር ላይ ሁለት ጊዜ ደፍተው፣
ሴቲቱን ከሥሩ አስቀመጧት ገፍተው።

"በእናንተስ?" አለችኝ፣ ብዕሯን አቀብላ።
እኔ አስተርጓሚዋ፣ በቃል የምበላ፣
በፍርድ ቤት፣ በሆስፒታል፣ የሰው እንባ ቆጥሬ
በሰዓት ሂሳብ የማቀብል፣ ደረቀ ከንፈሬ።

ቃል የለንም። ጋኔን አለን፣ የወንዝ ዳር ሰይጣን፣
በቀትር ውሃ ስንቀዳ የሚያስደነግጠን።
"የዓሣ ልጅ" ልበላት? ምሳ ይመስላል።
"እመቤተ ባሕር"? ያ ደግሞ ድጓ ድጓ ይሸታል።
"የባሕር ልጃገረድ"?
አሥራ አምስት ዓመት እንዝርት ያሾረች፣ በሱፍ ያረጀች?

ከዚያ ትዝ አለኝ። እኛ ዘንድ "ባሕር" ውሃ ብቻ አይደለም፤
ማዶም ነው። ከማዶ የመጣ ስሙ አይለቀውም።
ዛፍ መጣ፣ "ባሕር ዛፍ" አልነው። እህል መጣ፣ "የባሕር ማሽላ"።
ያ ዛፍ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ኮረብታችን ላይ በቀለ፣ ተንጠላጠለ ጥላ፤
አጥር ሆኖ፣ ጣሪያ ሆኖ፣ እሳት በልቶት እንኳ
ስሙን አልቀየርንለትም፤ ዛሬም "ባሕር" ነው በእኛ ቋንቋ።

"ባሕር ሴት" ብዬ ጻፍኩላት፣
በሐመሩ ሐ፣ መርከብ ባለው ሆሄ።
"ትርጉሙ?" አለች። ከማዶ የመጣች።
"ብቻ?"
ብቻ። ጭራዋን ተውኩት።

ከሥሩም የከተማዋን ስም ጻፍኩ፦ ኤዳም።
ኤ ማለት እኮ አ ነው፣ እግሩ ላይ ቀለበት የታሰረ፤
ኤዳም ማለት አዳም ነው፣ ቆሞ የቀረ።
ያቺ ከአዳም ጎን ወጣች፤
ይህቺ በኤዳም ጎን፣ በተቀደደው ግድብ ገባች፣
መውጫውን አጣች።

"ሆላንድኛሽ ግሩም ነው" አለች፣ ሹራቧን እያነሣች፣
"ስንት ዓመትሽ እዚህ?"
"አሥራ አምስት።"
ዝም አለች።

አውቶቡሱ መጣ። ኮቴን ቆልፌ ስወጣ
ከኋላዬ ሰማሁ፣ መወልወያ ስታመጣ።
የቀሚሴ ጠርዝ ያንጠባጠበው፣ ከበሩ እስከ ሥዕሉ፣
መስመር ሠርቶ ነበር በጣውላ ወለሉ።