የአጥንት ቆጠራ

አባቴ በአጥንቱ ይኮራ ነበረ፣
እስከ ሰባት ቤት ድረስ እየቆጠረ።
የእኔን ቶሪኖ ላይ ማሽን ቆጠረልኝ፤
«ከዜሮ በታች ሁለት ነጥብ አራት» አለኝ።

ሐኪሟ ወረቀት እያገላበጠች፣
«ደምሽስ ሰላም ነው፣ ቫይረሱ አይታይም» አለች፤
«አጥንትሽ ነው እንጂ…»
አልጨረሰችውም። አድራሻ ጻፈች።

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከፖ ወንዝ ማዶ፣
ስምንት ሆነን ምድር ቤት፤ ውጪ ጭቃ በረዶ።
ኤቶሬ አለ፣ ትራም ሲነዳ የኖረ፣
ባለፈው ጥር ደረጃ ላይ ዳሌውን የሰበረ።
ፊሎሜና አለች፣ መድኃኒቱ ሊመጣ
ሁለት ክረምት ሲቀረው ባሏን የቀበረች፤
አራት ኪሎን (ሰፈሩን አይደለም፣ ብረቱን)
እንደ ሕፃን ታቅፋ ቁጭ ብድግ ትላለች።

«ዝለሉ!» ትላለች አሠልጣኟ፣ «በርቱ!
ወለሉ ካልመታው አይሰማም አጥንቱ።»

እኔ ደግሞ ላለመሰማት ነበር የኖርሁ።
የኪኒን ብልቃጤን በጥጥ እየጠቀጠቅሁ፣
አብራኝ የምትኖር የአገሬ ልጅ እንዳትነቃ
ሌሊት በጣቶቼ ጫፍ እየረገጥሁ፣
ሃያ ሁለት ዓመት
ከገዛ ኮቴዬ ተደበቅሁ።

አሁን ብቻዬን ነኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ማታ ማታ
አሥር እዘላለሁ፤ ትንፋሽ፤ ደግሞ አሥር።
ከታች ያሉት አሮጊት፣ ሲኞራ ባልዲሴሮ፣
በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ሲደበድቡ
እሰማለሁ።
ይቅርታ፣ ሲኞራ፤ እርስዎን አይደለም፤
አጥንቴን ነው የማንኳኳው፣ «ቤቶች!» እያልሁ።

የሚቀጥለው ራጅ ለመጋቢት ነውና
«ደጆች!» ያለኝ የለም ገና።