የካርዶቹ ጀርባ

ዝናቡ ከጅሬን ወርዶ ሂርማታን ሲያዳርስ፣
መብራት ጭልጭል ብሎ ሄዶ እስኪመለስ፣
ሸምሲያ ካርዶቿን ከቁም ሳጥን ታወጣለች፤
"ዛሬ ያጭበረበረ ወዮለት!" ትላለች።

ካርድ ስንል ያው የጫማ ካርቶን ነው፣
አንድ ክረምት ሙሉ ቆርጣ የጻፈችው፤
ጥያቄው በሰማያዊ፣ መልሱ ከሥሩ በቀይ።
ሁለት መቶ አሥር ነበሩ፤ ስድስቱ የት ገቡ ሲባል
እሷ እኛን ታያለች፣ እኛ ጣሪያ እናያለን።

ሕጉ አጭር ነው፤ አንዱ ያነባል፣ ባለተራው ይመልሳል፤
ያወቀ ካርዷን ይወስዳል፣
የሳተ አንድ ፍሬ ኦቾሎኒ ይከፍላል።

ግን እውነቱን ላውጣው፤ ታሪክ የት እናውቃለን?
ጀርባ ጀርባውን ነው የሸመደድን።
የዘይት ጠብታ ያለባት፣ መቅደላ።
ጥጓን የትርንጎ የልጅ ልጅ ያኘካት፣ ፋሲል ግንብ።
የሻይ ብርጭቆ ክብ የታተመባት፣ ሐረር፤ የጀጎል በሮች።
ነዚፍ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገና ሳይቀመጥ
"ላሊበላ!" ብሎ ይጮኻል።
"ኧረ ገና 'በየትኛው' ነው ያልኩት!"
"ካርዷ ራሷ ነገረችኝ" ብሎ ይምላል።

ትርንጎ ዓመተ ምሕረት አትወድም፤
"መብራት ኃይል እንኳ ይህን ያህል ቁጥር አይልክብኝም!"
ጣሊያን ጅማ መቼ ገባ ሲሏት
"እናቴ ከመዳሯ በፊት" አለች አንድ ሌሊት።
ሸምሲያ ዳኛ ናት፤ አሰበች፣ አሰበች፣
ግማሽ ነጥብ ሰጠች፤
ግማሽ ኦቾሎኒ ተገምጦ ተመለሰ።

አንዲት ካርድ ግን አለች፣ ዘይት ያልነካት፣ ጥርስ ያልነካት፤
ንጽሕናዋ ነው ምልክቷ።
ከላይ ብቅ ስትል ያነሳት እጅ ዝም ብሎ
ከሥር ይመልሳታል።
ይህን ማንም አልደነገገም። አጎቴ ተማም ካለ እንደዚያ ነው፤
እርሳሱን ከጆሮው ሥር ሰክቶ፣
ራሱ በጠረባት ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጦ።

ያን ሌሊት ነዚፍ እንግዳ አመጣ፣
ዝናብ የያዘው ተሳፋሪ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኢዮስያስ የሚባል።
ሕጉን ነገርነው።
ያልተጻፈውን ማን ይናገራል?

አነሳት። ድምፁን ሞርዶ አነበበ፦
"ቀይ ሽብር የታወጀው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?"
ተራው የአጎቴ ነበር።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ቀረ።
ትርንጎ ኦቾሎኒ መፈልፈሏን ተወች፤
ነዚፍ፣ ያ ነዚፍ እንኳ፣ አልጮኸም።

"ማክሰኞ ነበር" አለ።

"አይ... ዓመቱን ነው፣ አባባ" አለ ልጁ በትሕትና።

"ማክሰኞ። ሳቢት የእኔን ጫማ አድርጎ ወጣ፤
የሱ ተበጥሶ ነበር።
ይሰፋዋል ብዬ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ሰጠሁት፤
ማታ መልስልኝ አልኩት።"

ልጁ ቀዩን ጽሑፍ አየ፤ ከዚያ ሸምሲያን አየ፤
ለሩብ ነጥብ ከእናቷ ጋር የምትጣላውን።
"ስጠው" አለች።
"ልክ ነው?"
"ስጠው አልኩህ።"

አጎቴ ካርዷን ተቀበለ፤ ከካርዶቹ ጋር አልደረባትም፤
ገለበጣት፣ ወደ ሻማው አቀረባት።
"ይቺ ደግሞ" አለ፣ "ለምን አልቆሸሸችም?"

ማን ይመልስ?
የሻይ ብርጭቆውን አነሳ፣
ቂጡ እርጥብ ነው፣
አስቀመጠባት።
"ቀጥሉ። ተራው የማን ነው?"

ከዚያ ወዲህ ክብ ያላቸው ካርዶች ሁለት ሆኑ።
ነዚፍም "ሐረር!" ብሎ ከመጮሁ በፊት
ቆም ይላል፤
አጎቴን ቀና ብሎ አይቶ
ጥያቄው እስኪያልቅ ይጠብቃል።