የኢቴልካ ወረቀት

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ካፊያው ከሊ ወንዝ ሽቅብ ሲነዳ፣
ትከሻዋ የራሰ አሮጊት ገባች፣ ለኮርክ እንግዳ።
በአንድ እጇ መነጽር፣ ክንዱ በፕላስተር የተጠመጠመ፣
በሌላው ወረቀት፣ እጥፋቱ ሳስቶ ሊቀደድ ያዘመመ።

ኢቴልካ ትባላለች። ሴገድ በምትባል ከተማ
አርባ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ስትጠርዝ የኖረች፤
አሁን ልጇ ዘንድ ናት። ባለፈው እሑድ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣
ተቀምጣበት መነጽሯን ሰበረች።

እሷ እንግሊዝኛ የላት፣ እኔ ሀንጋሪኛ፤
በመካከላችን ያ ወረቀት ብቻ፣ ምስክርም ዳኛ።

ዘረጋሁት።
«ጄ» ይላል ከላይ፣ «ቢ» ይላል ከታች፤
ነጥብ በሚያርፍበት፣ በቁጥሮቹ መሐል፣
ነጠላ ሰረዝ ጭራዋን ዘርግታ ተቀምጣለች።
የሐኪሙ አንድ አፍንጫው ረዝሞ ሰባት ይመስላል፤
እውነተኛው ሰባት ግን፣ ሳገኘው፣ ወገቡን ታጥቋል።

«ጄ የሐኪሙ ስም ነው» አለች ረዳቴ ኦርላ።
ደግሞ አሰብ አድርጋ፣ «ወይ የወር ስም ነው» አለች ኋላ።
ግራ ገባን።
ግራው የቱ እንደሆነም ግራ ገባን።

ኢቴልካ ሳቀች። ቀኝ ቅንድቧን በጣቷ ነካች፦
«ዮብ» አለች።
ግራውን ነካች፦ «ቦል»። እንደ ሕፃን አስተማረችን።

ማታ ቤቴ ገብቼ ቃሉን በመዝገበ ቃላት ብፈልገው፣
ዮብ ማለት ቀኝ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ፣ «የተሻለ» ነው።
የእሷ ቀኝ ዓይን ግን ከሁለቱ የባሰው።
ቋንቋው ያቆላምጠዋል፣
ቁጥሩ ያጋልጠዋል።

ሌላም ነገር ነበር፣ እንቅልፌን የነሳኝ፦
እኛ ሲሊንደሩን በመቀነስ ስንጽፍ ሰውየው ደምሮ አሳየኝ።
እንዳለ ብቀዳው፣ ምልክቷን ብስት፣
ለአሮጊቷ የምሰጣት ዓለም ነው፣ ዘመም ያለ ቤት።

ያን ጊዜ ሟቹ አሠሪዬ ፊንባር ክሮውሊ ትዝ አለኝ።
ገና ለማጅ ሳለሁ ወደ ሻንዶን መውጫ፣ ከሥር አቁሞኝ፣
«ይህ ምንድን ነው?» አለ። «ዳገት» አልኩት።
እያለከለከ ጫፍ ድረስ ወሰደኝ።
«አሁንስ?»
«ቁልቁለት።»
«ድንጋዩን ማን ነካው?» ብሎ ሳለብኝ፣ ሳቀብኝ።

እርሳስ አነሳሁ።
አንዱን ከሁለቱ ጋር ደመርኩት፤ ሦስት።
ሁለቱ ሁለት ሆኖ ይቅር፣ ግን በመቀነስ ምልክት።
ዘጠና ላይ ቀጥ ብሎ የቆመውን መስመር
መቶ ሰማንያ ላይ አጋደምኩት፣ እንደ ደከመው በር።
በማግሥቱ የተሰነጠቀውን መስታወት መለኪያው ላይ አኖርኩ፤
ያው ሦስት፣ ያው ሁለት።
ያው ዳገት።
ትንፋሼን ለቀቅኩ።

በዘጠነኛው ቀን መጣች። አዲሱን አጠለቀች።
በመስኮቴ አሻግራ የዓሣ ሻጩን ታፔላ
ፊደል በፊደል፣ በሴገድ ድምፅ፣ እየለቀመች አነበበች።
ባለቤቱ ቢሰማ የገዛ ስሙን አያውቀውም፤
እሷ ግን አንዲት ፊደል አልዘለለችም።

በእኛ አጻጻፍ የጻፍኩትን ወረቀት ሰጠኋት፣ ለሌላ ጊዜ።
አየችው። ጣቷ መቀነሷ ላይ ቆመ።
ቀና ብላ ስታየኝ ፊቷ እንደ ተዘረፈ ሰው ጠቆረ፣ ተከዘ፤
ምን ወሰድሽብኝ? የሚል።
ሁለት ጣቶቼን በተደረደሩት የመነጽር ቤቶች ላይ
ሽቅብ አስኬድኩ፣ ቁልቁል አስኬድኩ፤ ሌላ ቃል አልነበረኝም።
ይግባት፣ አይግባት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ብቻ እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰደች፤
አጎንብሳ፣ በጠራዥ እጅ፣ ሳትቸኩል፣
ለነጥቦቼ ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣
ጭራ አበጀችላቸው።