አስተርጓሚዋ ለመናገር ፈቃድ ትጠይቃለች

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በኤድመንተን ከተማ፣
የሰው አፍ ሆኛለሁ፣ ሌላው እንዲሰማ።
"እፈራለሁ" ቢሉ፣ "እፈራለሁ" እላለሁ፤
"አላምነውም" ቢሉ፣ ያንኑ አቀብላለሁ፤
ከራሴ አንድም ቃል አልጨምር፣ አልቀንስ፣
ደንቡ ይኸው ነው፣ ደመወዝ እስኪደርስ።

"ግፊት ይሰማዎታል፣ ሕመም ግን የለውም"፦
ስንቴ ብዬዋለሁ! ቆጥሬው አላውቅም።
ለአቶ ድንቁ ብዬ፣ ሦስት ጥርስ ሲነቀል፣
ለዚያች ሙሽራ ልጅ፣ ብሎን ሲተከል፣
ለዚያ የጭነት ሾፌር፣ በረዶ ላይ ወድቆ፣
በሽቦ ሲጠፈር፣ ላይና ታች ተጣብቆ።
ያን ጊዜ ቃል ነበር። ግፊት። ሦስት ፊደል።
ከአፌ እንደ ወጣ እዚያው የሚቀር፣ ቀላል።

ዘንድሮ የኔው ተራ።
ከኋላ፣ ከጥጉ፣ በአርባ አንድ ዓመቴ
መብቀል ያማረው ጥርስ።
የጥበብ ጥርስ ይሉታል፤
ጥበቡ ምኑ ላይ እንደሆነ እንጃ፣
ተጋድሞ ተኝቷል፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ስጋጃ፣
ጎረቤቱን በክርኑ እየገፋ።

ዶክተር ኮቫልቹክ ራጁን ስክሪኑ ላይ ከፍቶ፣
"ይህ ነርቭ ነው" አለ፣ ቀጭን ጥላ ነክቶ፤
"ከጥርሱ ሥር ያልፋል። ከንፈርሽ ምናልባት
ሊደነዝዝ ይችላል፣ ለሳምንት፣ ለወራት፤
አልፎ አልፎም ለዘለቄታው።
ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ መንገሩ ግን ግድ ነው።"
እኔም እንደ ልማዴ ወደ ግራዬ ዞሬ፣
በአማርኛ ልደግም ጀምሬ፣
አፈርሁ።
ወንበሩ ላይ ካፖርቴ ብቻ ነበር።

ማስተኛው ለብቻው ይከፈላል አሉኝ።
"ማደንዘዣው ይበቃል፤ መስማቱ ይሻለኛል።"
መርፌው ድዴ ገባ፤ ምላሴ ወፈረ፤
ግማሽ ፊቴ የሌላ ሰው ሆነና ቀረ።
ድዱን ሰነጠቀ፤ ጥርሱን ለሁለት ከፈለው።
ሲፈጩት የተቃጠለ ቀንድ ይሸታል፤
ይህን ማንም አልነገረኝ፣
እኔም ለማንም አልተረጎምሁት።

ከዚያ ያ ቃል መጣ።
ግፊት አይደለም።
ከጆሮዬ ሥር በር ተሰበረ፤
ቋ! የሚል፣
ከራስ ቅል ውስጥ እንጂ ከደጅ የማይሰማ።
አያምም፣ እውነታቸውን ነው።
አያምም፣ ያስደነግጣል።
"ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው" ትል ነበር እናቴ፤
በየትኛው ጥርስ?

ሳህኑ ላይ ወደቀ፤ እንደ ሳንቲም ጮኸ።

ሻሹን ነክሰሽ ቆዪ። በረዶ ሃያ ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ እረፍት።
እንዳትተፊ። በቀሰም እንዳትጠጪ።
የረጋው ደም ክዳን ነው፣ ከተነሣ
አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል፣ ያኔ ነው ሕመም።
ከነገ ጀምሮ ለብ ያለ ጨው ውኃ።
ክሩ በራሱ ይሟሟል።

ሊጋያ፣ ጎረቤቴ፣ በኅዳር በረዶ ነድታ አመጣችኝ፤
የሩዝ ገንፎ በዝንጅብል ሠርታ አበላችኝ።
በሦስተኛው ቀን ጉንጬ እንደ ጉድ አበጠ።
ስልኩ ጮኸ፤ ዝም አልሁ።
ዘጠኝ ዓመት ለሌላው የተናገረ አፍ
ለራሱ "ውኃ" ማለት አቅቶት
በወረቀት ጻፈ።

በአሥረኛው ቀን፣ ሥራ።
ወይዘሮ ትርፌ፣ ስልሳ ስድስት ዓመት፣ ሁለት መንጋጋ፤
ቦርሳቸውን በሁለት እጅ ጨብጠዋል።
"ግፊት ይሰማዎታል፣ ሕመም ግን የለውም" አለ ኮቫልቹክ።
አልሁት፣ እንዳለ። ሦስቱንም ፊደል።
ከዚያ እጄን አነሣሁ፦
"አስተርጓሚዋ ለመናገር ፈቃድ ትጠይቃለች።"
ጭምብሉን ዝቅ አደረገ። ራሱን ነቀነቀ።

"ድምፅ አለው፣ እማማ። ትልቅ ድምፅ።
በር የሚሰብሩ ይመስላል።
የሚሰበረው እርስዎ አይደሉም።"
ያልሁትን ለሐኪሙም ደገምሁለት፣ ደንብ ነው።

እማማ ትርፌ ቦርሳቸውን ወለሉ ላይ አኖሩ፤
"ታዲያ ይኼ ሰውዬ" አሉ፣
"ይህን ቀድሞ አይናገርም?"

ይህንንም ተረጎምሁ።