ሰባተኛዋ ካርድ

ከፈዋዝ ትምህርት ቤት ስድስት ካርዶች መጡ፤
ስድስት ክብ ፊቶች፣ የሚስቁ፣ የሚቆጡ፣
የሚያዝኑ፣ የሚፈሩ፣ የሚያፍሩ፣ የሚደነቁ።
"ማታ ማታ ይጠየቅ" ይላል ከታች ወረቀቱ፣
"ልጁ ዛሬ ምን ተሰማው? ይምረጥ አንዱን በጣቱ።"
ማዳም አነበበችልኝ፣ ዓይኗን ስልኳ ላይ ጥላ፤
"አንቺ ጠይቂው" አለችኝ፣ "ገላውን ካጠብሽ በኋላ።"

ሳልሚያ፣ ሰባተኛ ፎቅ። መስኮቱ ባሕሩን ያያል፤
ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ እንደ አሮጌ ወፍጮ ያጉረመርማል።

እኔ ጦይባ፣ የሐርቡ ልጅ፣
የዓባይን ገባሮች ዛሬም በቃሌ የምዘረዝር፣
የጉበትን ሥራ የማውቅ፣ የክብን ዙሪያ የምቀምር፤
ግን አስተማሪያችን ጋሽ ይመር አንድ ቀን በጠመኔ
"ቁጣ" ብለው ጽፈው፣ "ይህ ከየት ይነሣል?" አላሉም ለእኔ።
ቤትም እንዲሁ ነበር። ሳለቅስ እናቴ
"ዋጥ አድርጊው" ትለኝ ነበር፤ ዋጥሁት። ሞላ አንጀቴ።
ኤጀንሲውም በሦስት ሳምንት ዐረብኛ ሲያስጠናኝ
መጥረጊያ፣ ካውያ፣ ክሎሪን፣ "ሐዲር ማማ" በይ አለኝ፤
"ደከመኝ" የሚል ቃል ከደብተሬ አልነበረኝ።

የመጀመሪያው ማታ ካርዶቹን ወለል ላይ በተናቸው፤
በሦስተኛው ቁጡውን መርጦ፣ ሌሎቹን ገለበጣቸው።
"ጃሲም ወንበሬን ወሰደ" አለ። ጡጫው ቀስ ብሎ ተፈታ፤
ከዚያ ወዲህ አልነከሰኝም።
(በፊት ይነክሰኝ ነበር፣ ማታ ማታ።)

አንድ ሐሙስ፣ ፎጣው ጭንቅላቱ ላይ እንዳለ፣
ካርዶቹን ወደ እኔ አዞረና "አንቺስ?" አለ።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ማንም እንዲህ አላለኝ።
ጣቴ የለመደውን፣ የሚስቀውን መረጠልኝ።
"ውሸት!" አለ ፈዋዝ፣ "ይኼ የአንቺ ፊት አይደለም፤
ሳህን ስታጥቢ አይቻለሁ።" መልስ አልነበረኝም።

ያዘነውን ፊት አየሁት፤ አፉ ብቻ ታች ተቆልምሟል፤
የኔ ግን ከአፍ አይጀምርም፣ ከእምብርቴ ሥር ይነሣል።
እኛ አገር ስሜት የሚያድረው ፊት ላይ አይደለም፣ ሆድ ውስጥ ነው፤
ይባባል፣ ይሸፍታል፣ ይቆርጣል፤
ሆድ ይፍጀው ያልነውን ሁሉ የፈጀውም እሱ ነው።
ሰዋስው ላይ ተምረናል፦ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ፤
ባለቤቱ የማይታወቅ ግሥ፣ እኔን ተሳቢ ያደረገኝ።
ይኼን ሁሉ በዐረብኛ ለስድስት ዓመት ልጅ እንዴት?
እጁን ይዤ "እዚህ" አልሁት፣ ሆዴ ካለበት።

ተነሣ። ወረቀት ቆረጠ። ሰባተኛ ካርድ ሠራ፤
ዓይን የላትም፣ አፍ የላትም፤
ሆድ ብቻ፣ ዝናብ ያዘለ ተራራ።
(ተራራ አይቶ አያውቅም።)
"ስሟስ?" አለኝ። "ሆድ ባሰኝ።" "ሆድ በሰን" አለ አሳስቶ፤
በማግኔት ፍሪጁ ላይ ለጠፋት፣ የፒዛውን ወረቀት አንሥቶ።

ጠዋት ማዳም ውሃ ልትቀዳ መጥታ ፊቷ ቆመች፤
"ምንድን ነው?" አላለችም። ጠርሙሱን ክፍት ትታ ሄደች።
እሑድ ካርዶቹ ሲመለሱ መምህሯ ስድስቱን ቆጠረች፤
ሰባተኛዋን፣ "ከዝርዝሩ የለችም" ብላ መለሰች።
አሁን ትራሴ ሥር ናት። ጠርዟ ትንሽ ተላጠ።

ዓርብ ለእናቴ ደወልሁ። "ደህና ነሽ?" አለች እንደ ወትሮ።
"አልሐምዱሊላህ" ሊል ምላሴ ተዘጋጅቶ ነበር አሳምሮ።
"እማ፣ ከፋኝ" አልሁ።
ዝም። ሐርቡ ውስጥ ዶሮ ጮኸ።
ባጃጅ አለፈ።
"እኔንም" አለች በመጨረሻ።
"ከመቼ ወዲህ?" አልኋት።
"ቆይ" አለች፣ "በሩን ልዝጋው።"