ላም አለኝ በምድር ቤት

በሰማይ አይደለም የኔሊዳ ላሟ፤
ምድር ቤት ታስራለች፣ እርሳስ ነው ቀለሟ።
ቀንድ የላት፣ ጭራ የላት፣ ጥጃ የላት የሚጠባት፣
ቁመቷ የባልዲ ያህል፣ ሁለት ሰው ነው የሚያነሳት።
ሰኞ ሌሊት ገባች ባሕር ተሻግራ፣
ሰነዷን አንግባ፣ በጭነት በረራ።

ሞንቴቪዴዮ ገና መብራቷን ሳታጠፋ
ኔሊዳ ኤቼጋራይ ጃንጥላዋን አራግፋ
በጓሮ በር ገባች፤
ጓንት ላይ ጓንት ደርባ፣
ከእርሳስ መስታወት ጀርባ
ልታልብ ተቀመጠች።

«ማለብ» ነው የሚሉት ባለሙያዎቹ፣ ቀልዱን ለምደው፤
ለሷ ግን ቀልድ አይደለም፣ ከናቷ ነው የወረደው፤
ዱራስኖ ገጠር ውስጥ፣ በስድስት ዓመቷ፣
ካንዲት ቡሬ ሽንጥ ላይ ተደግፎ ፊቷ፣
እንቅልፍና አረፋ ባንድ ባልዲ አልባለች።
ያኔ ወተቱ ይታያል፤ የዛሬው ውሃ ነው፣ እንፋሎት የለው፣
መኖሩን የቆጣሪው መርፌ ነው፣ ተንቀጥቅጦ የሚምለው።

ወተት ቢቆይ ይረጋል፤ ይሄኛው ቆሞ ይሄዳል።
ንጋት ላይ መቶ ከሆነ፣
ቀትር ላይ ሃምሳ፣ ሲመሽ ሃያ አምስት፤
ማንም ሳይጠጣው፣ ማንም ሳይደፋው፣
ድመት እንኳ ሳትደርስበት።

መሳቢያዋ ውስጥ አለ ሰማያዊ ደብተር፣
የመድኃኒት ቤቱ ጥናት፣ የሁለት ዓመት ቁጥር፦
የተቀመመው መድኃኒት እስከ ስንት ሰዓት ይታመናል?
ጠብታው በወረቀት ክር ሽቅብ ሲወጣ ይለካል፣
ስንቱ ካጥንት ፈላጊው ጋር እንደተጠመደ ቀረ፣
ስንቱ ቀንበሩን ጥሎ ሄደ፣ ስንት ከመቶ ሰመረ።
ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ጠርሙስ፣ ሁሉም ባንድ እጅ ጽሕፈት፣
ያንድም ሕመምተኛ ስም የለበት።

ዛሬ ዓርብ ነው። ዓርብ ላሟ ወደ መንጠፉ ናት፣
የሰኞው ሲሶ ነው የቀራት።
አምስት ሰው ነበር የተቀጠረው፤ አራቱ ተወግተው ወጡ፤
ያምስተኛው ወንበር ባዶ፤ ዶን ኤሊሴዮ አልመጡ።
ስልክ ጮኸ፦ «የዪ ወንዝ ሞልቶ፣ አውቶቡሱ ቆሟል ዳር ላይ፤
እስኪጎድል እንጠብቃለን፤ ይቅርታ፣ ዶክቶራ ኤቼጋራይ።»

መርፌው ትሪ ላይ እያነሰ ነው፤ ታውቀዋለች፤
ወንዙንም ታውቀዋለች።
«ለሰኞ ይዛወሩ» አለ ተለማማጁ ፋኩንዶ፣
«ማን ላንድ ሰው ላም ያልባል፣ ያውም ደክማ፣ ያውም ባዶ?»
መልስ አልሰጠችም። ጓንት አወጣች።
ከንጋት እስከ ቀትር ላሚቱ
የግቷን እኩሌታ ሞልታ ነበር፤
አለበች፣ ቀመመች፣ በክሩ ፈተነች፤
ዘጠና ሰባት።
ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ብላ ጻፈች።

ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ረጥቦ ደረሱ በዘጠኝ ሰዓት፤
ወገባቸው ነው የታመመው፤ አላቢ ናቸው፣ የአርባ ዓመት።
«ሌሊት እበራለሁ?» አሉ።
«ካሜራው ብቻ ነው የሚያይዎት።»
ፋኩንዶ ነግሯቸው ኖሮ፦ «ላሚቱስ ማን ትባላለች?»
«ቁጥር ነው ያላት።»
ራሳቸውን ነቀነቁ፦ «ስሟን ያልጠሩላት ላም
ወተቷን ትይዛለች።»

ሲመሽ ከካሜራው ሥር አጥንታቸው ነጥብ በነጥብ ወጣ፤
ጎናቸው ላይ አንድ ብርሃን፦ «ያቺ ዳማ ናት፣ የረገጠችኝ፣
ጥጃዋ የሞተ ለት፣ ተቆጥታ።»
ወገባቸው ላይ ግን ሌላ፣ የምስር ፍሬ የምታህል፤
ስለሷ ምንም አላሉ።
ኔሊዳም አላለች፤ ማንበብ የሐኪሙ ነው፣ ሰኞ።

ሌሊቱን በጎደለው ወንዝ ላይ አውቶቡሳቸው ሲያልፍ
ሩቡ ብቻ ነበር አብሯቸው የሚጓዘው፣
እሱም ሊወርድ የተዘጋጀ።

ሰኞ አዲስ ላም ገባች። አሮጌዋ ጥግ ተገፋች፣ እስክትበርድ።
ኔሊዳ ጠርሙሱን ደቅና
ግንባሯን ለጥቂት ጊዜ
ከመስታወቱ አስጠጋች።
ይቀዘቅዛል።