የሚዞረው በር

ከመሐል ሜዳ ገበያ፣ ከቆዳ መጋዘን ጀርባ፣
አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ፣ በስሙኒ የሚገባ።
መስኮቱ በባና ታፍኖ፣ ወለሉ ጭድ ተጎዝጉዞ፣
ብርዱ ግን ሳይከፍል ገብቶ፣ ከፊት አግዳሚ ቦታ ይዞ።

እኔ ተርጓሚው ነበርኩ።
ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ፣ በሸንበቆ እያሳየሁ፣
የማላውቀውን ቋንቋ ለማያውቁት እያወራሁ።
እውነቱን ዛሬ ልናገር፦
ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ የሚገባኝ «ኖ» ብቻ ነበር።

ያን ሰሞን የመጣው ካሴት፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣
አንድ ባላገር ሰውዬ፣ ከትልቅ ሆቴል በር ውጭ፣
ዶሮውን በብብቱ ይዞ፣ ባርኔጣው ጆሮው ላይ ወርዶ፣
ልግባ ቢል የሚዞረው በር፣ መልሶ ደጅ ጣለው ወስዶ።
ሦስቴ ገባ፣ ሦስቴ ወጣ፤
በአራተኛው ዶሮዋ ገባች፣ ባለቤቷ መግቢያ አጣ።

የኋላ ኋላ ተሳካለት።
በሰም በታሸ ወለል ላይ፣ እንደ ቅቤ ተንሸራቶ፣
ከአሳላፊው ጋር ተላተመ፤ ያ የሙሽራ ኬክ መጥቶ
ፊቱን ሲያለብሰው ጊዜ፣
አግዳሚያችን ተሰበረ፤ ሰባት ሰው ወደቀ አብሮ፣
ወድቀውም ሳቁን አልተዉም፣ እግር ከእግር ተሳስሮ።
እኔም ከአፌ እንደ መጣልኝ፣
«ከመንዝ ነው የመጣሁት፤ ጌታው፣ በሩን ያዙልኝ!»
እያልኩ ጮህኩለት።

ሲያልቅ ደጅ ቆምን፣ ውርጩ ላይ።
«ሞኝ ነው!» አለ ሸዋፈራሁ፣ የጋማ ከብት ነጋዴው፣
«ዶሮዋን ሸጦ ቢገባ፣ ማን ነበር የሚያግደው?»
«የለም፣ ብልጥ ነው» አለች እንግዳወርቅ፣ አፏን ሸፍና በነጠላ፣
«ወደቀ ትላላችሁ እንጂ፣ ማን ነው ኬኩን የበላ?»
መምህር ጥላዬ ጉሮሮውን ጠረገና፣
«ይህ ፊልም በጥልቀት ሲታይ…» አለ፤ አልጨረሰም ገና፣
አህያ አናፋች ከበረት።
«በግ ነበር መያዝ» አለ አንድ ልጅ። የበግ አገር ልጅ ነዋ።

አቶ ይርዳው ግን አልሳቁም።
ከወደቁት ሰባት አንዱ፣ ጭዱን ከጋቢያቸው ሳያራግፉ፣
ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣
«ባርኔጣውን ማን አነሳለት?» አሉኝ።
«የቱን ባርኔጣ?»
«ያን በሩ ውስጥ የቀረውን። ሲዞር፣ ሲዞር የነበረውን።»
ግንባራቸውን ዳሰስ አደረጉ።
ጠባሳ እንዳላቸው ያየሁት ያን ሌሊት ነው።
በመሬት ክስ አዲስ አበባ ሄደው፣
የመሥሪያ ቤቱን መስታወት ክፍት መስሏቸው፣
በግንባራቸው እንደ መቱት፣
ሰነዳቸውን ከወለሉ ብቻቸውን እንደ ለቀሙት፣
ኋላ ነው ከሰው የሰማሁት።

በማግስቱም መጡ፤ ስሙኒ ከፈሉ።
በሠልስቱም። ሌላው ሲንከተከት
እሳቸው በሩን ብቻ ያያሉ፣
ዛሬስ ይገባ ይሆን እንደሚል ሰው።

በአራተኛው ሌሊት እኔ፣ ያ ኬክ ፊቱን ሲያለብሰው፣
ሸንበቆዬን ዝቅ አድርጌ፣ አሳላፊውን እንደ ሰው
አናገርኩት፦
«ወንድሜ፣ ተጎዳህ እንዴ? ባርኔጣህ ይኸው፣ እንካ።
ይህ በር እኔንም ጥሎኛል፤ አንተን ብቻ መስሎህ ለካ!»

ቤቱ ጸጥ።
«ትርጉሙ ተበላሸ!» አለ ሸዋፈራሁ ከኋላ።
«ስሙኒዬን!» አለ ሌላው።
እንግዳወርቅ ምንም አላለች፤ አፏ እንደ ተሸፈነ በነጠላ።

ኬኩ አልቆ፣ ዶሮዋ ተይዛ፣
ሰውየው ባቡር ሲሳፈር፣ ማንም በማይስቅበት ቦታ፣
አቶ ይርዳው ሳቁ።
ብቻቸውን፤ ሳል ነው ብዬ ነበር መጀመሪያ።

የአራቱን ሌሊት ስሙኒ ልመልስላቸው አስቤ
ኪሴ ውስጥ ስቆጥር ቆየሁ።
አልመለስኩም።
ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል።